ክሎሪን የማይገድለው ተቅማጥ፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ነዋሪዎች ጥያቄ የተሰጠ መልስ

የፓራሲቶሎጂ ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬም ሰገራና የውሃ ናሙና መመርመር ነው። በውሃ እየተላለፉ ሰውንም ከብትንም ስለሚያስቀምጡ ጥገኛ ተሕዋስያን የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ ውሃ አጋር (ክሎሪን ያለበት የውሃ ማከሚያ) ጨምረን ነው የምንጠጣው። የሁለት ዓመት ልጄን ግን ደጋግሞ ያስቀምጠዋል። መድኃኒቱ አይሠራም ማለት ነው?

መልስ፦ ይሠራል፤ ለሁሉም ግን አይሠራም። ክሎሪን ኮሌራንና ታይፎይድን ለመከላከል እጅግ ጠቃሚ ስለሆነ እንዳይተዉት። ችግሩ ያለው ክሪፕቶስፖሪዲየም በሚባለው ተሕዋስ ላይ ነው። ከታመመ ሰው ወይም እንስሳ ሰገራ ጋር የሚወጣው ሲስት (ተሕዋሱ በቅርፊት ተሸፍኖ ከሰውነት ውጭ የሚቆይበት ቅርጹ) ስፋቱ ከ4 እስከ 6 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ብቻ ሲሆን፣ ጠንካራ ቅርፊት ስላለው ክሎሪን በቀላሉ አይደፍረውም። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 1 ሚሊግራም ነፃ ክሎሪን ቢኖር ተቅማጥ የሚያመጡት አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች በጥቂት ደቂቃዎች፣ ጃርዲያ የሚባለው ሌላው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ደግሞ በ45 ደቂቃ ገደማ ሲሞቱ፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም ግን ከ10 ቀን በላይ ሊቋቋም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካዋ ሚልዋኪ ከተማ 400,000 ያህል ሰው የታመመው ክሎሪን የተጨመረበትን የቧንቧ ውሃ ጠጥቶ ነው፤ ተሕዋሱን ማስቀረት የነበረበት ማጣሪያው አላስቀረውም። ስለዚህ ልጅዎ የሚጠጣውን ውሃ አፍልተው፣ አቀዝቅዘው፣ ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡለት። የሕፃን ተቅማጥ ከቫይረስም፣ ካልታጠበ እጅም ስለሚመጣ ጥፋቱን ሁሉ በውሃው ላይ አንጫን።

ጥያቄ (ከሐረር ጀጎል)፦ ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃውን ረዘም ላለ ጊዜ ማፍላት አለብን?

መልስ፦ ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ሦስት ደቂቃ የሚመከረው ከ2,000 ሜትር በላይ ላሉ ቦታዎች ሲሆን፣ ሐረር ከዚያ በጥቂቱ ዝቅ ትላለች። ቢጨምሩም ከከሰሉ ወጪ በቀር ጉዳት የለውም።

ጥያቄ (ከከዚራ)፦ ሆዴን ባመመኝ ቁጥር የምርመራው ውጤት “አሜባ” ነው። እውነት ሁልጊዜ አሜባ ነው?

መልስ፦ እኔም እጠራጠራለሁ። በሽታ የሚያመጣው አሜባ (ኤንታሚባ ሂስቶሊቲካ) እና ጉዳት የሌለው ኤንታሚባ ዲስፓር የሚባለው ዘመዱ ሲስታቸው በማይክሮስኮፕ ሲታይ አንድ ዓይነት ነው። ለመለየት የአንቲጅን ወይም የዘረመል ምርመራ ያስፈልጋል፤ በተራው ማይክሮስኮፕ የሚረዳን ምልክት ቢኖር ተሕዋሱ ቀይ የደም ሕዋስ ውጦ መታየቱ ነው። ይህም የሚታየው ተንቀሳቃሹ ተሕዋስ ሳይሞት ሲደረስበት ስለሆነ ቀጭን ሰገራ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። ወረፋ ጠብቆ፣ በድሬዳዋ ሙቀት ሁለት ሰዓት የቆየ ናሙና ብዙ አይነግረንም።

ሌላም አለ። በኖርማል ሳላይን (በጨው ውሃ) ብቻ በተዘጋጀ፣ ባልተቀለመ ስላይድ ላይ ክሪፕቶስፖሪዲየምን ከእርሾ ሕዋስ መለየት በጣም አስቸጋሪ ነው። እሱን ለማግኘት የቲቢ አክታ የሚቀለምበትን የዚል ኒልሰን ዘዴ በጥቂቱ አሻሽለን እንጠቀማለን፤ ያኔ በሰማያዊው መደብ ላይ ደማቅ ሮዝ የሆኑ ክብ ነጠብጣቦች፣ አንዳንዶቹም በውስጣቸው ጠቆር ያለ ፍሬ ይዘው ይታያሉ። ሐኪሙ ለይቶ ካላዘዘ ግን ይህ ማቅለሚያ በአብዛኛው አይሠራም፤ ያልተፈለገ ነገር ደግሞ አይገኝም። ለአሜባና ለጃርዲያ የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል ክሪፕቶስፖሪዲየምን አያድንም። ለዚህ ነው ክኒኑን ጨርሰው ያልተሻላቸው ሰዎች ሌላ ዙር ሜትሮኒዳዞል ከመግዛታቸው በፊት ምርመራውን እንዲያሰፉ የምመክረው።

ጥያቄ (ከመልካ ጀብዱ)፦ ፍየሎችና ጥቂት ላሞች አሉን። ከእነሱ ይተላለፍብናል?

መልስ፦ ከጥጆች፣ አዎ። በተለይ ከተወለዱ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት የሆናቸው ጥጆች ክሪፕቶስፖሪዲየም ፓርቩም የተባለውን ዓይነት ይይዛሉ፤ የታመመ አንድ ጥጃ በሕመሙ ጊዜ በቢሊዮን የሚቆጠር ሲስት ሊያወጣ ይችላል፤ ሰውን ለማሳመም ግን አሥር ያህሉ እንኳን ሊበቃ ይችላል። ግልገሎችም ይታመማሉ። ሆኖም ክሪፕቶስፖሪዲየም ሆሚኒስ የሚባለው ዓይነት በዋናነት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ሲሆን፣ በከብት ላይ በብዛት የሚገኘው የጃርዲያ ዓይነትም ሰውን እምብዛም አይዝም። ዓይነቱን የሚለየው የዘረመል ምርመራ ስለሆነ፣ ምንጩ ሳይታወቅ ከብቱን መወንጀል ተገቢ አይደለም። ያስቀመጠውን ጥጃ ለብቻው ያስሩ፤ የእንስሳቱን ውሃ መቅጃ ለቤት አይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ ቢጫውን ጀሪካን ፀሐይ ላይ ማዋልስ?

መልስ፦ አይረዳም። የፀሐይ ዘዴ የሚሠራው በጠራ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ የተለመደው የስድስት ሰዓት ቆይታም ቢሆን ለክሪፕቶስፖሪዲየም አስተማማኝ አይደለም።

ጥያቄ፦ ጫት ሳይታጠብ መቃም ያስይዛል?

መልስ፦ ሊያስይዝ ይችላል። ሲስቶቹ ድርቀትን አይወዱም፤ እርጥበት ግን ያቆያቸዋል። ጫት ደግሞ እንዳይጠወልግ ውሃ እየተርከፈከፈ፣ በቅጠልና በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚመጣ፣ ብዙ እጅ የሚነካው ጥሬ ቅጠል ነው። ማጠብ ይቀንሰዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፤ የታጠበበት ውሃ ራሱ ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ ትርፉ ድካም ነው።

ጥያቄ፦ የድሬዳዋ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ከሆነ ለምን እንሰጋለን?

መልስ፦ ጥልቅ ጉድጓድ ከወንዝ ውሃ በእጅጉ ይሻላል፤ አፈሩና አሸዋው ያጣሩታልና። ስጋቱ ጥልቀት በሌላቸው፣ አፋቸው ባልተከደነና ለመጸዳጃ ቤት ቅርብ በሆኑ ጉድጓዶች ላይ፣ እንዲሁም ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ቆሻሻ በተሰነጠቀ ቧንቧ ሲገባ ነው። ከጎርፍ በኋላ ባሉት ቀናት ማፍላቱን ቸል አይበሉ። ሳይታጠብ የከረመ ሮቶም ያው ነው።

ጥያቄ፦ ልጅ ሲያስቀምጠው መጀመሪያ ምን እናድርግ? እጅንስ በአልኮል ጄል ማጽዳት ይበቃል?

መልስ፦ ኦ አር ኤስ በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጠው በጥቂት በጥቂቱ ይስጡት፤ ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡቱን አያቋርጡ። ዚንክ ስድስት ወር ለሞላው በቀን 20 ሚሊግራም፣ ከዚያ በታች ላለው 10 ሚሊግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል። ደም ካለው፣ መጠጣት ካቃተው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ተቅማጡ ሁለት ሳምንት ካለፈው ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ ያኔ ክሪፕቶስፖሪዲየም እንዲታይለት ይጠይቁ። የአልኮል ጄል ይህን ተሕዋስ አይገድለውም፤ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይታጠቡ።