ያልጮኸው ደወል

ሰሞኑን አንድ ካዴት፣ የመርከብ መኮንንነት ሠልጣኝ፣ ጽፎ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ሌቦች መርከብ ላይ ሲወጡ መጀመሪያ ማንን ልጥራ?» አጭር ጥያቄ ናት። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳችኝ።

ያኔ ሁለተኛ መኮንን ነበርኩ። ከሌሊቱ ስድስት እስከ አስር ሰዓት ተራው የእኔ ነው። የሲንጋፖርን ሰርጥ እያለፍን ነበር። መርከባችን ጢም ብላ ስለተጫነች ውሃው ውስጥ ዝቅ ብላለች፤ ለሚንጠላጠል ሌባ ትመቻለች። ፊሊፕ ቻናል ላይ ሰርጡ 2.8 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። ከፊት መርከብ፣ ከኋላ መርከብ። ፈጥኜ ላምልጥ ቢሉ የት ይኬዳል?

የኋላው ጠባቂ በሬዲዮ ጠራኝ። «መብራት የሌላት ጀልባ ተጠግታናለች።» ራዳሩን አየሁ። ምንም የለም። ትንሽ የእንጨት ጀልባ ራዳር ላይ በቅጡ አትታይም፤ ጭስ ማውጫው ደግሞ የኋላውን ይጋርዳል። ይህን ተምሬ፣ ተፈትኜ አልፌበታለሁ! «ዓሣ አጥማጅ ነው» አልኩት።

ካፒቴኑ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሟል። ቁጡ ሰው ነው። በከንቱ ደወል አስጮህክ እንዳይለኝ ፈራሁ። አልነገርኩትም።

አራት ነበሩ፤ ቢላ ይዘዋል። በሙቀቱ ምክንያት ክፍት በተተወ የኋላ በር ገቡ። አንዱን የሞተር ክፍል ሠራተኛ ደብድበው አሰሩት፤ መለዋወጫ ዕቃ ጫኑ። እንደምንም ተፈትቶ ስልክ ሲደውል ነው የነቃነው። ደወሉን ስንለቀው ዕቃውን ግማሹን ጥለው ሮጡ። ለካ የሚፈሩት እሱን ነበር። ልጁ ሥራ ላይ ማንጎራጎር ይወድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብቻውን ወደ ታች አልወረደም።

ካፒቴኑ «ሪፖርት ካደረግን ወደብ ላይ ያቆዩናል» አለ። ዝም አልኩ። ኳላ ላምፑር ያለው የዓለም አቀፉ የባህር ቢሮ ማዕከል ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቀንና ሌሊት የባህር ላይ ዝርፊያ ሪፖርት ይቀበላል። ግን የሚያውቀው የተነገረውን ነው። ከኋላችን የሚመጣውን መርከብ ማን ያስጠንቅቀው?

ሌባ ስለሚከላከሉት እሾሃማ ሽቦና የውሃ ጎማ አልጽፍም፤ መመሪያው ላይ አለ። የዛሬ ልጆች ስክሪን ላይ ተተክላችሁ ትቀራላችሁ። እኔስ ያን ሌሊት ምን ስመለከት ነበር? እናንተ ቢያንስ ትጠይቃላችሁ።

ደወሉን ተጫን ልጄ። ሰው ከዚያ በኋላ ይጠራል። ብትሳሳት የሚቆጣህ የለም ልልህ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል። እኔ ራሴ ካፒቴን ከሆንኩ በኋላ አንድ ካዴት ለዓሣ አጥማጅ ጀልባ ቀሰቀሰኝ፤ ጮህኩበት። ጠዋት ይቅርታ ጠየቅኩት። በዚያ ጉዞ ግን ዳግመኛ አልደወለልኝም።