መልስ፦ ከጉንጭ የተወሰደው ሽፋን ለምን መልሶ ጠበበ?

ሽፋኑን እንደ ቱቦ መጠቅለሉን ተው፤ አንዱን ጎን ብቻ ጣፍበት። ሱሉልታ በጀመራችሁት ሙከራ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል የጥንቸል የሽንት ቧንቧ ቆርጣችሁ፣ ከጉንጩ ውስጥ የተወሰደ ሽፋን ጠቅልላችሁ ስትተኩ በሦስተኛው ሳምንት ጠበበብን ብለሃል። ጥፋቱ የሰፋችሁበት ክር አይመስለኝም።

ተነቅሎ የተተከለ ሽፋን የራሱ የደም ዝውውር የለውም። የመጀመሪያዎቹን 48 ሰዓታት ያህል የሚቆየው ካረፈበት ሥጋ ፈሳሽ እየመጠጠ ነው፤ የደም ሥሮቹ የሚገናኙት ከዚያ ወዲህ ነው። ዙሪያውን በሙሉ ሲተካ የሚያርፍበትና የሚመግበው ጤናማ ሥጋ ያንሰዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመ የጥንቸል ጥናት፣ ሕያው ሕዋስ የሌለበት የተተከለ ቱቦ በደንብ የዳነው ርዝመቱ ግማሽ ሴንቲሜትር ሲሆን ብቻ ነበር። የእናንተው ሕያው ሽፋን ስለሆነ ነገሩ አንድ አይደለም፤ ርዝመቱ ግን ያሳስበኛል።

1. ጠባቡን ቦታ በቁመቱ ሰንጥቀው፣ የቀረውን ግድግዳ አትንካ። ሽፋኑን እንደ ልብስ መጣፊያ ስፋበት።
2. ከጀርባው ያለውን ስብና ጡንቻ በመቀስ ጠርገህ አሳሳው፤ እስክትሰፋው በጨው ውኃ እርጥብ ይሁን።
3. ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋር በጥቂት ቀጭን ክር አያይዘው። መሐላቸው ደም ከቋጠረ ሽፋኑ ይሞታል።

አንድ ነገር አደራ፦ ጥንቸሉን ከቀዶ ጥገናው በፊት አታስርበው፤ ጥንቸል ስለማያስመልስ ጦም ማደር አያስፈልገውም። እኔ ሁለት ጥንቸሎች ያጣሁት በሽንት ቧንቧ አይደለም፤ ጉንጫቸው ቆስሎ መብላት አቁመው አንጀታቸው ሥራ ስላቆመ ነው። ሕመም ማስታገሻውን ሳይነቃ ስጠው፣ እንደነቃ ለስላሳ ሣር አቅርብለት። እስከ ማታ ካልቀመሰ እስከ ነገ አትጠብቅ፣ የላመ መኖ በመርፌ አልባ ስሪንጅ አጉርሰው።