ኦሺነን ሐይቅ፦ ከእናትና ከልጆች ጋር ለምትሄዱ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። እናትሽ በሐምሌ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። የ7 እና የ10 ዓመት ልጆችሽን ጨምረሽ ስዊዘርላንድ ተራሮች ውስጥ ያለውን ኦሺነን ሐይቅን ዙሪያውን በእግር መዞር አስበሻል። የእናትሽ ጉልበት ግን ደህና አይደለም፣ ከፍታውም እንዳይከብዳቸው ሰግተሻል። እኔ የምኖረው በርን ነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር የምወስደው ወደዚህ ሐይቅ ስለሆነ ስንት ጊዜ እንደሄድኩ ቆጠራውን ትቼዋለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡና ይዘሽ አንብቢው።

መጀመሪያ "ዙሪያውን" የሚለውን ተይው። ሐይቁን ዙሪያውን መዞር አይቻልም። በደቡብ በኩል ገደሉ ቀጥ ብሎ ውሃው ውስጥ ይገባል፤ መንገድ የሚባል ነገር የለም። ከዚያው በኩል ከላይ ሽፒትሰ ሽታይ የሚባለው ቋጥኝ እየተንሸራተተ ስለሆነ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በቅርብ ይከታተሉታል፣ ከሥሩ ያሉ መንገዶችም ተዘግተዋል። የተዘጋ የሚል ምልክት ካየሽ ሌላው ሰው አልፎ ሲሄድ ብታዪ እንኳ አትከተዪ። ኢንተርኔት ላይ "የሐይቁ ዙር" እያሉ የሚያወሩለት ሌላ ነው። በሰሜን በኩል ተራራው ላይ ወጥተሽ፣ ሐይቁን ከላይ እያየሽ ሄደሽ፣ ጫፉ ላይ ወደ ውሃው የምትወርጂበት መንገድ ነው። 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደህና እግር ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከልጅ ጋር አምስት ሰዓት ያዢለት።

ከፍታው አያሳስብሽ። ሐይቁ ያለው 1578 ሜትር ላይ ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት! እናትሽ ተራራ ወጡ ሳይሆን ወረዱ ነው የሚባለው። የላይኛው መንገድ ጫፉ እንኳ 2000 ሜትር አይሞላም። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጡ አክስቴን "እዚህ አየሩ ሳሳ ያለ ነው" ብላቸው ዞር ብለው አይተውኝ ሳቁ። የእሳቸው ሰፈር እንጦጦ ሥር ነው። የእናትሽ ጉዳይ ጉልበት ነው እንጂ ሳንባ አይደለም።

ስለዚህ እኔ ብሆን ለሁለት እከፈላለሁ። እናትሽና ትንሹ ልጅ ከባለቤትሽ ጋር ሐይቁ ዳር፣ አንቺና ትልቁ ልጅ ላይ።

የታችኞቹ ከሐይቁ በታች ካለችው ከካንደርሽቴግ መንደር በጎንዶላ፣ በገመድ ላይ በሚሄደው ማመላለሻ፣ ይወጣሉ። ከላይኛው ጣቢያ እስከ ሐይቁ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ሰፊ መንገድ ነው፣ ወደ ታች ያዘነበለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሲሄዱ ቁልቁል ስለሆነ "ምንም አይልም" ይላሉ፤ ሲመለሱ ያው መንገድ 100 ሜትር የሚሆን ዳገት ይሆንባቸዋል። በዚያ ላይ ደክሞሻል፣ ፀሐዩም በርትቷል። በበጋ ለማይችሉ ሰዎች የምታመላልስ ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና አለች፤ በዚያ ቀን መሥራት አለመሥራቷን ትኬት ስትቆርጪ ጠይቂ። ሐይቁ ዳር እናትሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚያዩት አያጡም። ከበሉምሊስአልፕ ተራራ በረዶ የሚወርዱት ፏፏቴዎች ከፊት ለፊት ናቸው። የሚገርመው፣ ይህ ሁሉ ውሃ ይገባል እንጂ ከላይ የሚወጣ ወንዝ አታዪም። ሐይቁ የተፈጠረው ተራራ ተንዶ ሸለቆውን ስለደፈነው ነው፤ ውሃው የሚወጣው በመሬት ውስጥ ነው። ለልጁ የመቅዘፊያ ጀልባ ይከራያል፣ ጎንዶላው ጣቢያ አጠገብም በበጋ በሐዲድ ላይ የሚንሸራተቱባት መንሸራተቻ አለች። ከዚያች ነቅሎ መውሰድ ነው ችግሩ።

አሁን ወደ ላይኛው። ከጎንዶላው ጣቢያ ወደ ሆይቤርግ የሚለውን ምልክት ተከተሉ። የመጀመሪያው ሰዓት ዳገት ነው፤ በጫካ ውስጥ ስለሆነ ምንም አይታይም፣ ልጁም "መቼ ነው የምንደርሰው" ማለት ይጀምራል። ታገሡ። ሆይቤርግ ላይ ጫካው ድንገት ይከፈትና ሐይቁ ከእግርሽ ሥር ይዘረጋል። ፎቶው ላይ ቀለሙ የተቀባ ይመስለኝ ነበር፤ እውነትም እንደዚያው ነው። ከዚያ ኦበርበርግሊ እስከሚባለው የተራራ ግጦሽ መንገዱ ቀጭን ነው፣ በቀኝ በኩል ገደል አለ። የ10 ዓመት ልጅ ይችለዋል፣ ግን ሩጫ የለም፤ ጠበብ ባለበት እጁን ያዢ። የ7 ዓመቱን አትውሰጂ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ከኦበርበርግሊ ወደ ሐይቁ የሚወርደው ደግሞ ቀጥ ያለ ነው፣ ዝናብ ከጣለ ያንሸራትታል።

የመንገድ ምልክቱን ልጁን አስተምሪው፣ ደስ ይለዋል። ቢጫ ማንም የሚሄድበት ነው። ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ የተቀባው የተራራ መንገድ ነው፤ የእናንተ ይሄ ነው። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ካየሽ ተመለሺ።

ስለ ጫማ ሰው ሲመክረኝ አልሰማሁም ነበር። ሶሉ ያለቀ ስኒከር አድርጌ ወጣሁ። ቁልቁለቱን በቂጤ ነው የጨረስኩት ማለት ይቻላል። እየተጎተትኩ ስደርስ የመጨረሻው ጎንዶላ ሄዷል። እስከ ካንደርሽቴግ በእግር ወረድኩ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ፣ ሁሉም ቁልቁለት። ለሦስት ቀን ደረጃ ስወርድ የግድግዳ ድጋፍ ያስፈልገኝ ነበር። የመጨረሻው ጎንዶላ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠዋት ፎቶ አንሺው።

በጊዜ ሂዱ። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ መብረቅና ዝናብ የተለመደ ነው። ሰውም ይበዛል፤ በእኛ አቆጣጠር ከአራት ሰዓት በኋላ የጎንዶላው ሰልፍ የመርካቶ ታክሲን ያስንቃል። ቅዳሜና እሑድን ከቻልሽ ተይው። ላም በመንገድ ላይ ካጋጠማችሁ፣ በተለይ ጥጃ ያላት፣ ሰፋ አድርጋችሁ ዙሩ። "ላም እናውቃለን" አትበዪ፤ የእዚህ ሀገር ላም ሜዳ ላይ የምታድር ናት፣ ጥጃዋን አታስነካም።

ምግብ ይዘሽ ሂጂ። እናትሽ የሚጾሙ ከሆነ የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 12። ከዚያ በፊት ከሄዳችሁ የተራራው ምግብ ቤት ዝርዝር ከአይብ አይወጣም፤ የሚተርፋቸው ድንችና ሰላጣ ነው። ቆሎና ዳቦ፣ በፔርሙዝ ሻይ፣ አለቀ። ከሐምሌ 5 እስከ ፍልሰታ ያለው ጊዜ ከሁሉም ይሻላችኋል።

በመኪና መሄድ ይቻላል፣ ግን ማቆሚያው ቶሎ ይሞላል። በባቡር ከበርን ትንሽ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፣ ከጣቢያው እስከ ጎንዶላው በእግር ሩብ ሰዓት ያህል። ለእናትሽ የቀን ትኬቱን ቀደም ብለሽ ግዢ፤ ሽፓርታገስካርተ የሚሉት በቆየ ቁጥር ይወደዳል። ልጆቹ ጁኒየር ካርድ ካላቸው ከአንቺ ጋር አይከፍሉም። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። ወደ ተራራው ማዶ የሚሄደው ፈጣኑ ባቡር እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በታች ባለው ረጅም ዋሻ ነው የሚያልፈው፣ ካንደርሽቴግን አይነካም። እኔ አንድ ጊዜ እንግዶቼን ይዤ እያወራሁ ገባሁበት፤ ቀና ስል ከተራራው ማዶ ፊስፕ የምትባል ከተማ ደርሰናል። ሰሌዳው ላይ ካንደርሽቴግ የሚል ካላየሽ አትሳፈሪ።