የመጀመሪያ ልጄ ኦቲዝም አለበት፤ ታናሽ እህቱስ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የ6 ዓመት ወንድ ልጄ ኦቲዝም አለበት። እህቱ 14 ወሯ ነው፣ ገና አፏን አልፈታችም። አማቴ «አባቷም የተናገረው ዘግይቶ ነው፣ ተያት» ይሉኛል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። በዘር ይመጣል?

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ ዘር ትልቅ ድርሻ አለው። ኦቲዝም ያለበት ታላቅ ካላቸው ሕፃናት ከአምስቱ አንዱ ገደማ እሱም ይኖርበታል። ለሴቶች ቁጥሩ ዝቅ ይላል። አብዛኞቹ አይኖርባቸውም ማለት ነው። በእርግዝና ጊዜ የደነገጡት ወይም የተቆጡት ነገር ያመጣው አይደለም። ክትባትም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ያንን ወሬ ያስነሳው ጽሑፍ በ2010 ባወጣው መጽሔት ራሱ ተሰርዟል። ስለዚህ የ15 ወሩ የኩፍኝ ክትባት እንዳያልፋት።

በ14 ወር አለመናገሯ ብቻውን አያስደነግጠኝም። እኔ የማየው ጣቷን ነው። ድመት ስታይ ጠቁማ «እዪልኝ» በሚል ዓይን ወደ እርስዎ ዞር ትላለች? ብስኩት ለመጠየቅ መጠቆም አንድ ነገር ነው፣ የወደደችውን ለማሳየት መጠቆም ሌላ። ይሄኛው ብዙ ይነግረናል፤ እስከ 18 ወር እንጠብቀዋለን። ስሟን ሲጠሩስ ትዞራለች? ቻው ሲሏት እጇን ታወዛውዛለች? እጅዎን እንደ ዕቃ ይዛ እየጎተተች ፊትዎን ግን የማታይ ከሆነ ልብ ይበሉ።

አማትዎ ሐሰት አልተናገሩም፤ ዘግይቶ አፉን የሚፈታ ልጅ ሞልቷል። ግን እንደ እሷ ኦቲዝም ያለበት ወንድም ያላት ልጅ «ትደርሳለች» ተብላ አትተውም። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ሄደው ወደ ሕፃናት ሐኪም ሪፈር ያጽፉላት። መጀመሪያ ጆሮዋ ይታይ፤ የማይሰማ ልጅም አይናገርም። ደህና ብትሆን እንኳ በ18 እና በ24 ወሯ ትመርመር።

ከቱሉ ዲምቱ መሃል ከተማ ለመድረስ የታክሲውን ሰልፍ አውቀዋለሁ። መንገዱ በከንቱ እንዳይሆን፣ ቤት ስትጫወት በስልክዎ ቪዲዮ ቀርጸው ይምጡ። ልጆች ነጭ ጋውን ሲያዩ ያለቅሳሉ እንጂ ቤት የሚያደርጉትን አያሳዩንም።

ውጤት እስኪመጣ መሬት ተቀምጠው አብረዋት ይጫወቱ። ፊትዎን በነጠላ ሸፍነው ይግለጡ፣ ስትስቅ ቆም ይበሉና «ድገሚ» እስክትልዎ ይጠብቁ፤ በዓይኗም ይሁን በእጇ። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። ኦቲዝም አያመጣም፣ ይህን ጊዜ ግን ይበላል።

አንድ ነገር ብቻ ቀጠሮ አይጠብቅም፦ ትለው የነበረውን «ማማ» ካቆመች፣ ወይም ታወዛውዘው የነበረውን እጅ ከተወችው፣ በዚያው ሳምንት ይዘዋት ይሂዱ።