አምፖል ለመግዛት አትቸኩል

ወንድሜ፣ አሮጌው ኤችፒኤልሲ (በፈሳሽ ውስጥ የተቀላቀሉ ነገሮችን ለይቶ የሚለካው የላቦራቶሪ መሣሪያ) «የመብራት ኃይል ዝቅተኛ ነው» እያለ ስላስቸገረህ አምፖል ልግዛ ወይ ብለሃል። ቆይ እንጂ! መጀመሪያ ፍሎው ሴሉን (ፈሳሹ በብርሃኑ ፊት የሚያልፍበትን ትንሽ ክፍል) አውጣና የመሣሪያውን ክዳን ዘግተህ የብርሃኑን ንባብ እየው። ብርሃኑ በደንብ ከጨመረ ጥፋቱ የአምፖሉ አይደለም፤ ሴሉ ቆሽሿል ወይም አረፋ ይዟል። እኛ ደብረ ማርቆስ አንዴ አዲስ አምፖል ገጥመን ምንም ለውጥ አጣን። ለካ የሴሉ መስኮት ላይ ጨው ደርቆበት ኖሯል! በባፈር (ጨው ባለበት ፈሳሽ) ስትሠራ ከነበርክ ሴሉን በንጹሕ ውሃ፣ ከዚያ አይሶፕሮፓኖል በሚባለው አልኮል እጠበው።

ሴሉ ወጥቶም ካልጨመረ የአምፖሉን ሰዓት ተመልከት። ዲዩቴሪየም አምፖል (የዚህ መሣሪያ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ምንጭ) ከ1000 እስከ 2000 ሰዓት ገደማ ነው የሚያገለግለው። መብራት ጠፋ መጣ ሲል ደግሞ ዕድሜው ያጥራል፤ በተለኮሰ ቁጥር ይጎዳል። ስትቀይር ይቀዝቅዝ፣ መስታወቱንም በባዶ እጅህ አትንካው።