ስፕሊት፦ የዲዮቅልጥያኖስን ቤተ መንግሥት በእግር

ጥያቄ፦ በሐምሌ ከእናቴ ጋር ወደ ክሮኤሺያዋ ስፕሊት እንሄዳለን። የሮማውን ንጉሠ ነገሥት የዲዮቅልጥያኖስን ቤተ መንግሥት ከአስጎብኚ ጋር በእግር ለማየት አስበናል፤ እናቴን ግን ጉልበቷን ያማታል። ትችለው ይሆን? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ይችላሉ። ቤተ መንግሥቱ 215 በ180 ሜትር ገደማ ስለሆነ ርቀቱ አያደክምም፤ የሚያስቸግረው ደረጃውና ድንጋዩ ነው። የመንገዱ ነጭ ድንጋይ በዘመናት እርግጫ ስለለሰለሰ ያንሸራትታል፤ ዝናብ ሲነካው ይብሳል። ሶሉ ጎማ የሆነ ጫማ ያድርጉ።

በባሕሩ በኩል ባለው የነሐስ በር ከገባችሁ፣ በምድር ቤቱ አልፋችሁ ወደ አደባባዩ ደረጃ ትወጣላችሁ። ስለዚህ በምሥራቅ ገበያው አጠገብ ካለው የብር በር፣ ፀሐዩ ሳይበረታ በጠዋት ጀምሩ። የደወሉን ማማ ይተዉት። ምድር ቤቱን ግን እንዳታልፉት፤ አዳራሾቹ የንጉሡን መኖሪያ የተሸከሙ ስለነበሩ፣ ላይኛው ቢፈርስም የክፍሎቹ ቅርጽ ከታች ይታያል። የጎን አዳራሾቹ በቲኬት ናቸው፤ ከአስጎብኚው ክፍያ ጋር መካተቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ረጅሙን ጊዜ ለካቴድራሉ ስጡ። ባለ ስምንት ማዕዘኑ ሕንፃ የተሠራው ለዲዮቅልጥያኖስ መቃብርነት ነበር። ዓመተ ሰማዕታት የሚቆጠረው እሱ ከነገሠበት ከ284 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ የክርስቲያኖች አሳዳጅ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ሆኗል። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ስላለበት እናትዎ ነጠላቸውን ይያዙ።