ለወጣት ሐኪሞች፦ ክንድ ላይ መንገድ የሚቀይር ነርቭ

ልጆቼ፣

የነርቭ ምርመራ ለመማር የመጣችሁ ሁሉ ማርቲን-ግሩበር የሚለውን ስም ለፈተና ሸምድዳችሁታል። እኔ ደግሞ ከፈተናው በኋላም አብሯችሁ እንዲቆይ እፈልጋለሁ።

ነገሩ ይሄ ነው። ሚድያን ነርቭ (በክንድ መሀል ወደ እጅ የሚወርደው) ክንድ ላይ ሳለ፣ አንዳንድ ሰው ላይ የተወሰኑ ክሮቹ ተሻግረው አልናር ነርቭ (በትንሿ ጣት በኩል የሚወርደው) ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ ከአልናር ጋር ወርደው የእጅን ትንንሽ ጡንቻዎች ያንቀሳቅሳሉ። ስዊድናዊው ማርቲን በ1763፣ ግሩበር ደግሞ በ1870 እ.ኤ.አ. ጽፈውበታል። በሽታ አይደለም፤ ሰው እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። ጥናቶቹ ቁጥሩ ላይ ባይስማሙም፣ ብዙዎቹ ከ100 ሰው ከ15 እስከ 30 በሚሆነው ላይ አግኝተውታል። ዛሬ በር ላይ ወረፋ ከያዙት መሀል አለ ማለት ነው።

አሁን ነርቭን በኤሌክትሪክ አነቃቅቶ የጡንቻን ምላሽ የሚለካው ማሽን ጋ ኑ። ከትንሿ ጣት ሥር ካለው ጡንቻ እየመዘገባችሁ፣ አልናርን የእጅ አንጓ ላይ ስታነቃቁት 10 ሚሊቮልት መጣ እንበል። ከክርን ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ስታነቃቁት 6 ሆነ። «ነርቩ ክንድ ላይ ተዘግቷል» ብላችሁ ለመጻፍ አትቸኩሉ። መመዝገቢያውን ከቦታው ሳታነሱ ሚድያንን ክርን ላይ አነቃቁት። ወደ 4 የሚጠጋ ምላሽ ከመጣ፣ ሚድያን አንጓ ላይ ሲነቃቃ ደግሞ ምንም ከሌለ፣ የጎደለው የት እንደሄደ አገኛችሁት። ብቻ ኤሌክትሪኩን አታብዙት። ሲበዛ ወደ ጎረቤት ነርቭ እየፈሰሰ የሌለ መሻገሪያ ያሳያችኋል።

ይህን አጥብቄ የምነግራችሁ ወረቀቱን ይዞ ወደ ቀዶ ሐኪም ለሚሄደው ሰው ብዬ ነው። ምንም ያልሆነ ነርቭ በእናንተ አንድ መስመር ምክንያት ሊከፈት አይገባም።

የተገላቢጦሹም አለ፤ እሱ ይበልጥ ያሳስበኛል። ክርኑ አካባቢ በስለት ተወግቶ አልናሩ ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ ሰው፣ መሻገሪያው ካለው ሌባ ጣቱን ወደ ጎን በጉልበት ሊገፋ ይችላል። ጣቱ ስለተንቀሳቀሰ ብቻ «ነርቩ ደህና ነው» ተብሎ ወደ ቤቱ እንዳይሸኝ። ትንሿን ጣቱን ዳስሱ። የሚሻገሩት ክሮች በአብዛኛው የእንቅስቃሴ ናቸው፤ ስሜት አይመልሱም። ጫፏ ደንዝዞ ከሆነ አትልቀቁት።

መሻገሪያ ስታገኙም ሪፖርቱ ላይ በግልጽ ጻፉት፤ በየትኛው ክንድ እንደሆነም ጨምሩ። ለበሽተኛው በቃልም ንገሩት። ነገ ሌላ ሐኪም ጋ ሲሄድ ራሱ ያስረዳል።